ትልቁ ልጄ ኦቲዝም አለበት፤ ትንሿን ላስከትባት ወይስ ልቆይ?

ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጆች። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሁለት ልጆች አሉን። ወንዱ አራት ዓመት ተኩል ሆኖታል፤ ሦስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው ኦቲዝም እንዳለበት ተነገረን። ሴቷ ገና አሥራ ሦስት ወሯ ነው። ዓመት ሲሞላት መውሰድ የነበረባትን ኤምኤምአር የሚባለውን የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባት እስካሁን አልወሰደችም። ባለቤቴ ቀጠሮዋን ሁለት ጊዜ ሰረዘው።

እሱ ክፉ ሰው አይደለም። ልጁን ቴራፒ የሚያመላልሰው፣ ሌሊት ሲነቃ አብሮት የሚቀመጠው እሱ ነው። ግን ወንዱ ልጃችን ዓመት ሲሆነው «እማ»፣ «ውሃ»፣ «እምቢ» ይል ነበር። በአሥራ አምስት ወሩ ይህን ክትባት ወሰደ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ቃላቱ አንድ በአንድ ጠፉ። ባለቤቴ «በዓይኔ ያየሁትን ማን ሊያስተባብለኝ ነው?» ይላል። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ይላክለታል፤ ቲክቶክ ላይም በአማርኛ የተተረጎመ ቪዲዮ ያያል። ሰሞኑን ደግሞ የመንግሥት ጤና መሥሪያ ቤት የሲዲሲ ድረ ገጽ ራሱ «ክትባት ኦቲዝም አያመጣም ማለት አይቻልም» ብሏል ብሎ አሳየኝ። ወይ ሦስት ዓመት ሞልቷት አፏን እስክትፈታ እንቆይ፣ ወይ ኩፍኙን ለብቻው እናስከትባት፣ ካልሆነም አገር ቤት ስንሄድ እዚያ ትውሰድ ነው የሚለው። ከፋሲካ በኋላ አዲስ አበባ የእህቴ ሰርግ አለ፤ ሁለት ወር ከምናምን ቀርቶናል።

እኔ ክትባቱ አይደለም ብዬ እከራከረዋለሁ። ግን ሌሊት ልጄን ተኝቶ ሳየው፣ ያን ቀን እግሩን ጥብቅ አድርጌ ይዤ ያስወጋሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ይህን ለባለቤቴ ነግሬው አላውቅም። አሁን እሱ ሥራ ሲገባ በድብቅ ወስጄ ላስከትባት ወይ እያልኩ ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

የሁለት ልጆች እናት

እህቴ፣ መልሱን አናንዛዛብሽም፤ አስከትቢያት። በድብቅ ግን አይሁን። ሁለት ጉዳዮች አንድ ላይ ተጠላልፈውባችኋል፤ አንዱ የልጅቷ ክትባት ነው፣ ሌላው ልጅቷም እንደ ወንድሟ ትሆን ይሆን የሚለው ስጋት። ሁለተኛው ስጋት ከንቱ አይደለም፤ ግን መልሱ መርፌውን በማስቀረት አይገኝም። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ያን እግሩን የያዝሽበትን ቀን እናንሳው።

ባለቤትሽ ያየው ነገር እውነት ነው። ልጁ ቃላት ነበሩት፤ ጠፉም። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ከአራት አንዱ፣ እንዲያውም ከሦስት አንዱ ገደማ እንዲህ የነበራቸውን ቃል ወይም ጨዋታ ያጣሉ፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ ይታያል። የኤምኤምአር የመጀመሪያው መርፌ አሜሪካ ውስጥ የሚሰጠው ደግሞ ከ12 እስከ 15 ወር ነው። ስለዚህ መርፌው ምንም ባያደርግ እንኳ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች «ተከተበ፣ ከዚያ ጠፋብን» የሚል ታሪክ ይኖራቸዋል። ያልተከተቡ ልጆችም በዚያው ዕድሜ ቃላቸውን ያጣሉ፤ የእነሱ ወላጆች ግን የሚጠቁሙት ቀን ስለሌላቸው ቪዲዮ አይሠሩም።

የኦቲዝም መነሻ በአብዛኛው ከልጁ ልደት በፊት፣ አንጎሉ በማህፀን ሲገነባ ያለው ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 እስራኤልን ጨምሮ ከአምስት አገሮች የተሰበሰበ፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ልጆችን የያዘ ጥናት ለኦቲዝም ከሚያጋልጠው ነገር 80 በመቶው ገደማ የሚመጣው ከዘር ውርስ መሆኑን አሳይቷል። (ይህን ስትሰሚ «ከማን ወገን መጣ?» ወደሚለው የቤተሰብ ችሎት እንዳትገቡ። ብዙ ጂኖች ከሁለቱም ወገን ተደባልቀው የሚሠሩት ነገር ነው፤ አንዳንዶቹም በልጁ ላይ አዲስ የተፈጠሩ ናቸው።) ገና በ1994 ተመራማሪዎች ኋላ ኦቲዝም የታወቀላቸውን ልጆች የአንደኛ ዓመት ልደት ቪዲዮ ከሌሎች ልጆች ጋር አስተያይተው ነበር። ሻማው በበራበት በዚያ ቀን፣ ብዙዎቹ ስማቸው ሲጠራ ዞር አይሉም፣ በጣታቸው አይጠቁሙም፣ የያዙትን ነገር ለሰው አያሳዩም ነበር። የእናንተም ልጅ የልደት ቪዲዮ ስልካችሁ ውስጥ ይኖር ይሆናል። ሁለታችሁም ከቻላችሁ ብቻ አብራችሁ እዩት። ምናልባት ምንም አታዩበትም፤ ምናልባት ደግሞ ያኔ ያላስተዋላችሁት ነገር ታያላችሁ። ያኔ አለማየታችሁም ጥፋት አይደለም፤ በመጀመሪያ ልጅ ላይ ይህን የሚያይ ወላጅ ጥቂት ነው። አንቺ እግሩን የያዝሽው ከኩፍኝ ልትጠብቂው ነው፤ ያም ሆኗል፣ ልጁ ተጠብቋል።

ወሬው ራሱ ከየት እንደመጣ ባለቤትሽ ያውቃል? ብዙ ሰው ከሺህ እናቶች ምስክርነት የመጣ ይመስለዋል። የመጣው ከአንድ ጽሑፍ ነው። በየካቲት 1998 ለንደን በሚገኘው በሮያል ፍሪ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሐኪም አንድሩ ዌክፊልድ ከባልደረቦቹ ጋር ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ 12 ልጆች ጻፈ። አሥራ ሁለት ብቻ። ጽሑፉ ራሱ ግንኙነቱን «አላረጋገጥንም» ይላል። ሐኪሙ ግን ጋዜጠኞች በተሰበሰቡበት መድረክ ላይ ሦስቱ ክትባቶች ተለያይተው ይሰጡ አለ፤ እንግሊዝ ውስጥም በጥቂት ዓመታት የሚከተቡት ልጆች ቁጥር ከ92 በመቶ ወደ 80 በመቶ ገደማ ወረደ።

ከዚያ ብራያን ዲር የተባለ የሰንዴይ ታይምስ ጋዜጠኛ ጉዳዩን መቆፈር ጀመረ። ሐኪሙ በክትባቱ አምራቾች ላይ ክስ ሊመሠርቱ ከተዘጋጁ ጠበቆች ከ435 ሺህ ፓውንድ በላይ ተከፍሎት ነበር። ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት በ1997 የራሱን ነጠላ የኩፍኝ ክትባት ለማስመዝገብ የፓተንት ማመልከቻ አስገብቷል፤ «ለያይታችሁ አስከትቡ» የሚለው ምክር ለማን ይጠቅም እንደነበር ማሰብ አይከብድም። በልጁ የልደት ድግስ ላይ ለተጋበዙ ሕፃናት 5 ፓውንድ እየከፈለ ደም ቀድቷል። የልጆቹ የሕክምና መዝገብ ከጽሑፉ ጋር ሲተያይ ደግሞ ሁሉም «ቀድሞ ጤነኛ የነበሩ» ከተባሉት 12 ልጆች ውስጥ አምስቱ ከክትባቱ በፊትም የእድገት ጥያቄ ተመዝግቦባቸው ተገኘ። ከክትባቱ በኋላ በቀናት ውስጥ ታየ የተባለው ምልክት በአንዳንዶቹ ላይ የታየው ከወራት በኋላ ነበር። በ2004 ከአብረው ጸሐፊዎቹ አሥሩ ከመደምደሚያው ራሳቸውን አገለሉ። በየካቲት 2010 ላንሴት ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ ሰረዘው፤ በግንቦት ወር ደግሞ ዌክፊልድ ከእንግሊዝ የሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ። ባለቤትሽ የሚያዳምጠው የቴሌግራም ድምፅ የዚህ የተሰረዘ ጽሑፍ የልጅ ልጅ ነው።

ሐኪሙ አታላይ ቢሆንም ሐሳቡ እውነት ሊሆን አይችልም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። ለዚህ ነው ሌሎች በብዙ ሺህ ልጆች ላይ የፈተሹት። ዴንማርክ የእያንዳንዱን ዜጋ ክትባትና ሕክምና በመዝገብ ስለምትይዝ በ2019 የ657,461 ልጆች መዝገብ ታየ፤ የተከተቡት ካልተከተቡት ይበልጥ ኦቲዝም አልታየባቸውም። ጃፓን በ1993 ኤምኤምአርን ጨርሶ አቆመች፤ ዮኮሃማ ከተማ ውስጥ የኦቲዝም ቁጥር ከዚያ በኋላም መጨመሩን ቀጠለ። ሌላው ክስ ደግሞ በቲሜሮሳል ላይ ነበር፤ ክትባት እንዳይበላሽ የሚጨመር፣ ሜርኩሪ ያለበት ንጥረ ነገር ነው። ቲሜሮሳል በኤምኤምአር ውስጥ ኖሮ አያውቅም፤ ከአንዳንድ የኢንፍሉዌንዛ ክትባቶች በቀር ከሌሎቹ የአሜሪካ የልጆች ክትባቶችም እስከ 2001 ወጥቷል፤ ቁጥሩ ግን አልቀነሰም። ቁጥሩ የጨመረበት ትልቁ ምክንያት የኦቲዝም ትርጉም መስፋቱ፣ ልጆች ሁሉ መመርመራቸውና ምርመራው አገልግሎት ማስገኘቱ ነው።

ለእናንተ ግን ከሁሉም የሚቀርበው በ2015 የወጣው የአሜሪካ ጥናት ነው፤ ለባለቤትሽ አንድ ነገር ብቻ የመንገር ዕድል ካለሽ ይህን ንገሪው። ጥናቱ ታላቅ ወንድም ወይም እህት ያላቸውን 95,727 ልጆች ተከታተለ። ከእነሱ ውስጥ 1,929ኙ ታላቃቸው ኦቲዝም ያለበት ነው፤ ልክ እንደ ልጅሽ። እነዚህ ቤተሰቦች ልክ እንደ ባለቤትሽ ፈርተዋል፤ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው የተከተቡት 73 በመቶው ሲሆኑ በሌሎቹ ቤተሰቦች ግን 84 በመቶ ነበር። መፍራቱ ልጆቹን ከኦቲዝም አዳናቸው? አላዳናቸውም። የተከተቡት ታናናሾች ካልተከተቡት የበለጠ ኦቲዝም አልታየባቸውም። ባለቤትሽ የሚፈልገው ሙከራ ይኼው ነው፤ ሌሎች አባቶች ቀድመውት ሞክረውታል።

ስለ ሲዲሲ ገጹ ባለቤትሽ አልዋሸም። በኖቬምበር 2025 ገጹ ተቀይሮ «ክትባት ኦቲዝም አያመጣም» የሚለው አባባል በማስረጃ የተደገፈ አይደለም የሚል ተጽፎበታል። የተለወጠው ግን ማስረጃው አይደለም፤ የጤና ሚኒስቴሩን የሚመሩት ሰው ናቸው። ሚኒስትሩ ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየር ይህንኑ ወሬ ለዓመታት ሲያራምዱ የኖሩ ናቸው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ለውጡን ተቃውሟል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ግንኙነት የለም በሚለው አቋሙ ጸንቷል። ቃሉንም ልብ በሉት፤ «ያመጣል» አይልም። አንድ ነገር በፍጹም፣ በየትኛውም ልጅ ላይ፣ በምንም መንገድ እንደማይደርስ ማረጋገጥ ለቡናም ለእንጀራም አይቻልም። ባለቤትሽን ክርክር ሳታስመስዪ «ገጹ ላይ አዲስ የተገኘ ጥናት አሳየህ?» ብለሽ ጠይቂው።

አሁን ደግሞ መቆየት ምንም አያስከፍልም የሚለውን እንየው፤ ባለቤትሽ መቆየትን እንደ ጥንቃቄ ነው የሚቆጥረው። ኩፍኝ በትንፋሽ ይተላለፋል፤ የታመመው ሰው ክፍሉን ለቆ ከወጣ በኋላም ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት አየሩ ላይ ይቆያል። መከላከያ ከሌላቸው 10 ሰዎች በቅርብ የተጋለጡት 9ኙ ይያዛሉ። ከታመሙ ልጆች ከ20 አንዱ የሳንባ ምች ይይዘዋል፤ ከ1,000 አንዱ አንጎሉ ይቆጣል፤ በሀብታም አገር እንኳ ከ1,000 ከ1 እስከ 3 ይሞታሉ። በ2025 ምዕራብ ቴክሳስ ላይ የተነሳው ወረርሽኝ 762 ሰዎችን ይዞ ሁለት ልጆችን ገድሏል። የምሥራቅ አፍሪካን ሰው በቀጥታ የነካው ደግሞ ሚኒሶታ ነው። እዚያ የሶማሌ ማኅበረሰብ ልጆች በ2004 ክትባቱን የሚወስዱት 92 በመቶ ነበሩ። ወላጆች በልጆቻቸው ላይ ኦቲዝም በዝቷል ብለው ሲጨነቁ መልስ የሚሰጣቸው ጠፋ፤ ክፍተቱን ፀረ ክትባት ቡድኖች ሞሉት፤ ዌክፊልድም ራሱ ሄዶ አነጋገራቸው። በ2014 ቁጥሩ 42 በመቶ ደረሰ። በ2017 ኩፍኝ ገብቶ 75 ሰዎች ታመሙ፤ አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሌ ልጆች ነበሩ። ኦቲዝሙ ግን አልቀነሰላቸውም። ከዚህ ሁሉ የሚያናድደው የወላጆቹ ጥያቄ እውነተኛ መሆኑ ነው።

እናንተ ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ልትሄዱ ነው፤ ኩፍኝ በየጊዜው የሚነሳበት አገር ነው። ሰርግ ቤት ሕፃን ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ዘመድ ሁሉ ይስማታል። «እዚያ ትከተብ» የሚለው ሐሳብ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ መከላከያው እስኪዳብር ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፤ ልጅቷ ግን ከአውሮፕላኑ ጀምራ ተጋልጣለች። ኩፍኙን ለብቻው የሚለውም አሜሪካ ውስጥ አይሆንም፤ ነጠላው ክትባት ከ2009 ወዲህ እዚህ አይገኝም። ሌላ አገር ብታገኙት እንኳ ጆሮ ደግፍንና ሩቤላን አይሸፍንም፤ ስትመለሱ ያው ኤምኤምአርን ትወስዳለች፤ የተረፋችሁ አንድ ተጨማሪ መርፌ ነው። እስከ ሦስት ዓመት መቆየት ደግሞ ኩፍኝ በጣም የሚጎዳበትን ዕድሜ ያለ መከላከያ ማሳለፍ ማለት ነው።

ሁለት ወር ካላችሁ ጊዜው ይበቃል፤ ግን አይተርፍም። ከአገር ለሚወጣ ዓመት ለሞላው ልጅ የሚመከረው በ28 ቀን ልዩነት ሁለት መርፌ ነው። የመጀመሪያውን በዚህ ሳምንት ብትወስድ፣ ሁለተኛውን ከ28 ቀን በኋላ፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ጠብቃችሁ ትበራላችሁ፤ በድምሩ ስድስት ሳምንት ነው። 27ኛው ቀን ላይ ቀጠሮ እንዳትይዢ፣ ላይቆጠርላት ይችላል። ሁለተኛው መርፌ በአራት ዓመቷ ልትወስደው የነበረው ስለሆነ ያኔ ሦስተኛ አያስፈልጋትም። አንድ መርፌ ከኩፍኝ 93 በመቶ፣ ሁለቱ 97 በመቶ ገደማ ይከላከላሉ። ቺክን ፖክስ የሚሉት የጉድፍ ክትባትም በዚሁ ዕድሜ ይሰጣል፤ በሌላ መርፌ በሌላ እግሯ ላይ ይሁን በይ። አራቱን አንድ ላይ የያዘ መርፌ አለ፤ በዚህ ዕድሜ እሱ ከ2,300 እስከ 2,600 ልጆች ውስጥ በአንድ ተጨማሪ ልጅ ላይ በትኩሳት የሚመጣ መንቀጥቀጥ ያስከትላል። የጉድፉ መርፌ የዚያኑ ቀን ካልተሰጣት ደግሞ በሁለቱ መካከል 28 ቀን መቆየት አለበት። ራስሽና ባለቤትሽም ክትባታችሁ መሙላቱን አጣሩ፤ እርጉዝ ከሆንሽ ግን አንቺ አትወስጂም።

የክትባቱን እውነተኛ ጉዳቶች ለባለቤትሽ ራስሽ ንገሪው፤ ከአንቺ ከሰማ ደበቀችኝ አይልም። የኤምኤምአር ትኩሳት በማግስቱ አይመጣም፤ ከ7 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ነው የሚመጣው። ይህን የማያውቅ ወላጅ በስምንተኛው ቀን ልጁ ሲግልበት ከባድ ነገር የደረሰ ይመስለዋል። ከ20 ልጆች አንዱ ገደማ ቀላል ሽፍታ ይወጣለታል። ከ3,000 እስከ 4,000 በሚሰጡ መርፌዎች አንድ ጊዜ ትኩሳቱ መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ ያስደነግጣል፣ ግን አንጎልን አይጎዳም። ከ25,000 እስከ 40,000 ውስጥ በአንዱ የደም አርጊ ሕዋሳት ለጊዜው ይቀንሳሉ፤ ቆዳዋ ላይ ትናንሽ ቀያይ ነጠብጣቦች ወይም ያለ ምክንያት ሰማያዊ ምልክት ካየሽ ሐኪም ጋ ደውዪ። ብርቱ አለርጂ ከሚሊዮን አንድ ገደማ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚመጣ ነው ክሊኒኩ 15 ደቂቃ ቆዩ የሚላችሁ። የእንቁላል አለርጂ አይከለክልም፤ ለጄላቲን ወይም ለኒዮማይሲን ብርቱ አለርጂ ካላት ወይም የሰውነት መከላከያዋን የሚያዳክም ሕመም ወይም መድኃኒት ካለ ግን አስቀድመሽ ተናገሪ።

ትኩሳቱ ሲመጣ ብዙ ፈሳሽና ቀላል ልብስ። ጋቢ ደራርበሽ አትጠቅልያት፤ ሴት አያቶች ይህን ሲሰሙ እንደሚቆጡ እናውቃለን። ካስጨነቃት 160 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር የሚለውን የሕፃናት ታይለኖል መስጠት ይቻላል፤ ክብደቷ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ከሆነ 3.75 ሚሊ ሊትር፣ ከ11 እስከ 15 ኪሎ ከሆነ 5 ሚሊ ሊትር፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ከአምስት ጊዜ ሳይበልጥ። ከሣጥኑ ጋር በሚመጣው ስሪንጅ ለኪ፤ በሻይ ማንኪያ አይሁን። አስፕሪን አይሰጥም። ከተንቀጠቀጠች በጎኗ አስተኚያት፣ አፏ ውስጥ ምንም አታድርጊ፣ ሰዓት ያዢ፤ 5 ደቂቃ ካለፈ 911።

በድብቅ አይሁን ያልንሽ ለምን እንደሆነ አሁን ይገባሻል። በስምንተኛው ቀን ልጅቷ ብትግልስ፣ ያኔ ምን ትይዋለሽ? ከዚህ የሚከብድም አለ። ታላቅ ወንድሟ ኦቲዝም ያለበት ሴት ልጅ እሷም ኦቲዝም የሚኖርባት የመሆን ዕድሏ 13 በመቶ ገደማ ነው። ተከተበችም አልተከተበችም ያው ነው። ዕድሉ ከደረሰ ግን ባለቤትሽ ደብቀሽ ያስወጋሽውን መርፌ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም፤ ልጃችሁም በምትፈልጋችሁ ሰዓት ሁለታችሁ አትነጋገሩም።

ስለዚህ ንገሪው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ስልክ በሌለበት። በክትባቱ አትጀምሪ፤ ለእኛ በጻፍሽው፣ እግሩን ስለያዝሽበት ቀን ጀምሪ። እሱም የራሱን ተሸክሞ ይሆናል፤ ቀጠሮውን የያዘው ወይም መኪናውን የነዳው እሱ ከሆነስ? ከዚያ «ቃላቱ መጥፋታቸውን እኔም አይቻለሁ፤ የምንለያየው ምን አጠፋቸው በሚለው ብቻ ነው» በዪው። ቀጥለሽ ምን ቢያይ ሐሳቡ ሊለወጥ እንደሚችል ጠይቂው፤ መልስ ከሰጠሽ ሐኪሙ ጋ ይዘሽው የምትሄጂው ጥያቄ እሱ ነው። «ምንም» ካለሽ ደግሞ ነገሩ የማስረጃ ሳይሆን የሐዘን መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ያን ጊዜ ሊንክ መላክ አይረዳም። የሚያከብረው ሰው፣ ቤተ ክርስቲያናችሁ ውስጥ ነርስ ወይም ፋርማሲስት የሆነ አበሻ ካለ፣ ያንን ሰው ቡና ጥሪው። ባለቤትሽ ከዚህ ሁሉ በኋላም እምቢ ካለ ቀኑንና ሰዓቱን ነግረሽው ሂጂ፤ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ወላጅ ፈቃድ ይበቃል። «ሐሙስ በአሥር ሰዓት እወስዳታለሁ፤ ብትመጣ ደስ ይለኛል» ማለት ጠብ ሊያስነሳ ይችላል፤ ክህደት ግን አይደለም።

ፍርሃቱን ደግሞ ሥራ ስጡት። ልጅቷን በዓይናችሁ ተከታተሉ፤ ይህ የባለቤትሽ ድርሻ ቢሆን ጥሩ ነው። በዚህ ዕድሜ ስሟ ከኋላ ሲጠራ ዞር ትላለች ወይ? የምትፈልገውን ነገር በጣቷ ትጠቁማለች ወይ? ያገኘችውን ዕቃ አንስታ «እዩልኝ» በሚል ዓይን ታሳያችኋለች ወይ? ቻው ሲሏት እጇን ታወዛውዛለች ወይ? ከክትባቱ በፊት ስትጫወት አምስት ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹና ቀኑን ጻፉበት፤ በየወሩም ድገሙት። ኤም ቻት የሚባለው የ20 ጥያቄ መጠይቅ ከ16 ወር ጀምሮ ይሠራል፤ ሐኪሙ በ18 እና በ24 ወሯ ሊያስሞላችሁ ይገባል። ከዚያ በፊት ከጠረጠራችሁ አትጠብቁ። ሦስት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ሜሪላንድ ውስጥ «ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ» የሚባለው ፕሮግራም ወላጅ ራሱ ደውሎ የሚጠይቀው ነው፤ የሐኪም ወረቀት አይፈልግም፣ ምርመራው ነፃ ነው፣ ከጠየቃችሁበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ ተገምግማ፣ የሚገባት ከሆነ ዕቅድ ሊወጣላት ይገባል። አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው። የጆሮ ምርመራም አብሮ ይደረግ። «ቤት ውስጥ አማርኛውን ተዉት» የሚላችሁ ሰው ካለ አትስሙት፤ ሁለት ቋንቋ ኦቲዝም አያመጣም፤ ልጅ ደግሞ መናገር የሚማረው እናትና አባቱ እንደ ልባቸው በሚያወሩት ቋንቋ ነው።

ስለ ወንዱ ልጅሽ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ክትባቱ ነው ያመጣው ብሎ ያመነ ወላጅ ጋ ቀጥሎ የሚመጣው «መርዙን እናወጣለታለን» የሚል ነጋዴ ነው። እንደ ሜርኩሪ ያለ ብረታ ብረትን ከደም ያወጣሉ የሚባሉ መርፌዎች፣ ማጽጃ ኬሚካል ያለበት ጠብታ፣ ውድ የዱቄት ዓይነት። በ2005 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ኦቲዝም ያለበት የአምስት ዓመት ልጅ ብረት ያወጣል በተባለ ሕክምና ሞቷል። ባለቤትሽ ከሚከታተላቸው ቪዲዮዎች ሥር የሚሸጥ ነገር ካለ አብራችሁ እዩት። ጸበል መውሰድ ከፈለጋችሁ ውሰዱት፤ ቴራፒውን ግን አታቋርጡበት። ሰውም ምን ይላል ብላችሁ አትደብቁት። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበረችው ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት ልጇን አልደበቀችም። ለሰርጉ ስትሄዱ ለአክስቶችሽ ምን እንደምትዪ ከአሁኑ ከባለቤትሽ ጋር ተስማሙ፤ ካልሆነ መልሱን እነሱ ያወጡላችኋል።

ሰኞ ጠዋት ለክሊኒኩ ስትደውዪ እንዲህ በዪ፦ ልጄ 13 ወሯ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ እንበራለን፤ ሁለት ኤምኤምአር በ28 ቀን ልዩነት እንፈልጋለን፤ ታላቅ ወንድሟ ኦቲዝም አለበት፤ አባቷ ጥያቄ ስላለው ከሐኪሙ ጋር ረዘም ያለ ቀጠሮና የአማርኛ አስተርጓሚ ያዙልን። ሁለቱንም ቀጠሮዎች ስልኩን ሳትዘጊ አስያዢ፤ ባለቤትሽ ጥያቄዎቹን በራሱ እጅ ጽፎ ይምጣ።